ምንዛሪው ሲታሰር ማን ይከፍላል? «አንድ ገንዘብ ለጎረቤታሞች» ለሚለው ክርክር የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ሰንብቷል። ለእኔ ብቻ አራት ሰው ልኮልኛል። ሁለቱ «አንብበው፣ አሪፍ ነው» ብለዋል። አንዷ «እውነት ግን እንዲህ ነው?» ብላ ጠይቃለች። አራተኛው ምንም አላለም። ይህን ምላሽ የምጽፈው በተለይ ለጠየቀችው ነው።

ጽሑፉ የሚለውን በቅድሚያ በትክክል ላስቀምጥ። ጎረቤታም አገሮች የየግል ገንዘባቸውን ትተው አንድ የጋራ ገንዘብ ይያዙ ይላል። ያ ካልሆነላቸው ደግሞ ገንዘባቸውን ከዶላር ወይም ከዩሮ ጋር በማይነቃነቅ ተመን ያቆራኙት። ለዚህም አምስት ምክንያት ይሰጣል። የምንዛሪ መዋዠቅ በንግድ ላይ የተጫነ ስውር ግብር ነው፤ አንድ ገንዘብ ሲኖር ንግድ ሦስት እጥፍ ያድጋል። መንግሥት እንዳሻው ገንዘብ ማተም ስለማይችል የዋጋ ንረት ይሞታል። ገንዘብን ማርከስ ማንንም ጠቅሞ አያውቅም፤ ስለዚህ ያን መብት አሳልፎ መስጠት ምንም አያጎድልም። ግሪክንና አርጀንቲናን ያንኮታኮታቸው የመንግሥታቱ አባካኝነት እንጂ ገንዘቡ አይደለም። በመጨረሻም፣ ገንዘቡ ከቀደመ የፖለቲካው አንድነት ይከተላል፤ ያልተስማማው ደግሞ መውጣት ይችላል።

ጽሑፉ በደንብ የተጻፈ ነው። ጸሐፊው የሚያምኑበትን እንደጻፉም አልጠራጠርም። እኔም የጋራ ገንዘብ ጠላት አይደለሁም። ወጪው ታውቆ ከተገባበት የሚያዋጣበት ጊዜ አለ። ያስቆጣኝ ሌላ ነገር ነው። ጽሑፉን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስለ ነጋዴ ይናገራል። ስለ ባለሀብት ይናገራል። ስለ ማዕከላዊ ባንክ ይናገራል። «ደመወዝ» የሚለውን ቃል ግን አንድም ቦታ አላገኘሁትም። የነገሩ ቁልፍ ያለው ደግሞ እዚያ ነው። አንድ አገር የሚሸጠው ዕቃ ገበያ ሲያጣ፣ ከሌላው ዓለም አንጻር ዋጋው መስተካከል አለበት። ምንዛሪው ልቅ ከሆነ ማስተካከያው በምንዛሪው በኩል ይመጣል። ምንዛሪው ከታሰረ ግን ሌላ የሚንቀሳቀስ ነገር መገኘት አለበት። እሱም የሰው ደመወዝና የሰው ሥራ ነው።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ወራትና ቀናት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ንግድ ሦስት እጥፍ ያድጋል»

በመጀመሪያ የማምንበትን ልናገር። ገንዘብ መቀየር ወጪ አለው። ከስድስት ወር በኋላ ምንዛሪው የት እንደሚደርስ ሳያውቁ ውል መፈረምም ያስፈራል። ትልቅ ኩባንያ ለዚህ ከባንክ መከላከያ ይገዛል። ትንሹ ነጋዴ ግን አቅሙ የለውም። ዩሮ ይህን ራስ ምታት ለብዙዎች አስቀርቶላቸዋል።

ሦስት እጥፍ የሚለው ቁጥር ግን ከየት መጣ? ኢኮኖሚስቱ አንድሪው ሮዝ በ2000 ካወጣው ጥናት ነው። አንድ ገንዘብ የሚጠቀሙ አገሮች ከሌሎቹ ከሦስት እጥፍ በላይ ይነግዳሉ ብሎ ነበር። ችግሩ፣ በዚያ ጥናት ውስጥ የገቡት የገንዘብ ኅብረቶች አብዛኞቹ ትናንሽ ደሴቶች፣ የቀድሞ ቅኝ ግዛቶችና ጥገኛ ግዛቶች መሆናቸው ነው። እነሱ ድሮም በቋንቋ፣ በሕግና በመርከብ መስመር ከአንድ ትልቅ አገር ጋር የተሳሰሩ ናቸው። ዩሮ ሥራ ከጀመረ በኋላ ነገሩን እንደገና የለኩ ብዙ ተመራማሪዎች ያገኙት ጭማሪ በእጥፍ የሚቆጠር አልነበረም። በመቶኛ የሚቆጠር ነበር።

ካናዳንና አሜሪካን ተመልከቱ። የካናዳ ዶላር ከ1970 ጀምሮ ተመኑ በገበያ ነው የሚወሰነው። በ2002 መጀመሪያ አንድ የካናዳ ዶላር 62 የአሜሪካ ሳንቲም ገደማ ያወጣ ነበር። በ2007 የአሜሪካውን ዶላር በለጠው። በአምስት ዓመት ውስጥ እንዲህ ሲዋዥቅ፣ በሁለቱ መካከል ያለው ንግድ ከዓለም ትልልቆቹ አንዱ ሆኖ ቀጥሏል። በተቃራኒው ካሜሩን፣ ቻድ፣ ጋቦን፣ ኮንጎ ብራዛቪል፣ ኢኳቶሪያል ጊኒና የመካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክ አንድ ሴፋ ፍራንክ (ተመኑ ድሮ ከፈረንሳይ ፍራንክ፣ አሁን ከዩሮ ጋር የታሰረ የጋራ ገንዘብ) ይጠቀማሉ። እርስ በርስ የሚነግዱት ግን ከጠቅላላ ንግዳቸው እጅግ ጥቂቱን ነው። አብዛኞቹ ወደ ውጭ የሚልኩት ነዳጅና እንጨት ነው። ጋቦን ነዳጇን ለኮንጎ ልሽጥ ብትል ኮንጎ ምን ያደርግላታል? እሱም ያለው ነዳጅ ነው። መንገድ ሳይኖር፣ ጉምሩኩ ሳይቀላጠፍ፣ የሚለዋወጡት የተለያየ ዕቃ ሳይኖር፣ ገንዘቡ አንድ ስለሆነ ብቻ ንግድ አይፈጠርም።

«የዋጋ ንረት ይሞታል»

እዚህ ላይ ጸሐፊው በአብዛኛው ልክ ናቸው። አርጀንቲና በ1989 ከ3,000 በመቶ በላይ የሆነ የዋጋ ንረት አይታለች። በ1991 ገንዘቧን በሕግ ከዶላር ጋር ስታቆራኝ፣ በጥቂት ዓመት ውስጥ ንረቱ ከ10 በመቶ በታች ወረደ። በ2022 መጨረሻ ደግሞ በጋና የዋጋ ንረት ከ50 በመቶ ሲያልፍ፣ ጎረቤቷ ኮትዲቯር በምዕራብ አፍሪካው ሴፋ ፍራንክ ውስጥ ሆና ከአንድ አሃዝ አልወጣችም። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ይህን የሚያቃልል ሰው፣ የወር ገቢው ወሩ ሳያልቅ ሲተን አይቶ የማያውቅ ነው።

«ይሞታል» የሚለው ግን በዝቷል። በዚያው በ2022 ኢስቶኒያና ፈረንሳይ አንድ ዩሮ፣ አንድ ማዕከላዊ ባንክ ይዘው ነበር። ኢስቶኒያ ውስጥ ንረቱ ከ20 በመቶ አለፈ። ፈረንሳይ ውስጥ 6 በመቶ ገደማ ነበር። ደግሞም ሌላ መንገድ አለ። ኢኳዶር በ2000 የራሷን ገንዘብ ትታ ዶላር ስትወስድ፣ ጎረቤቷ ፔሩ የራሷን ሶል ይዛ ቀጠለች። ፔሩ በ1990 ከ7,000 በመቶ በላይ ንረት የነበረባት አገር ናት። ዛሬ ሶል በደቡብ አሜሪካ ከተረጋጉት ገንዘቦች አንዱ ነው። ያዳናት መንግሥት ማዕከላዊ ባንኩን እንደ ኪሱ መጠቀም ማቆሙ ነው። ይህን ለማድረግ የሰው ገንዘብ መዋስ አላስፈለጋትም።

«ገንዘብን ማርከስ ማንንም ጠቅሞ አያውቅም»

ረዘም አድርጌ መመለስ የምፈልገው ይሄኛውን ነው።

ጸሐፊው ግማሽ እውነት ይዘዋል። ገንዘብ ሲረክስ ከውጭ የሚመጣው ሁሉ ይወደዳል። መድኃኒት ይወደዳል። ነዳጅ ይወደዳል። በዶላር የተበደረ ሰው ዕዳው በአንድ ሌሊት ያብጣል። በአጭሩ፣ የሁሉም ሰው ደመወዝ ሳይነካ የመግዛት አቅሙ ይቆረጣል። ማንም ይህን ወዶ አያደርገውም። ጥያቄው ግን ሌላ ነው። በዚያ በኩል ካልተቆረጠ በየት በኩል ይቆረጣል?

በምሳሌ እንየው። ጊዜው 1998 ነው እንበል። አንድ የአርጀንቲና ጫማ ፋብሪካ ጫማውን በ30 ፔሶ ይሸጣል። ፔሶው ከዶላር እኩል ስለሆነ 30 ዶላር ማለት ነው። የብራዚሉ ተፎካካሪ በ36 ሪያል ይሸጣል። አንድ ዶላር 1.20 ሪያል ገደማ ነበርና የእሱም ዋጋ 30 ዶላር ነው። ሁለቱ እኩል ይወዳደራሉ። በጥር 1999 ብራዚል ሪያልን ለቀቀችው። ዶላሩ ወደ 1.80 ሪያል ሄደ። የብራዚሉ ጫማ አሁንም 36 ሪያል ነው፤ በዶላር ግን 20 ሆነ። የአርጀንቲናው ፋብሪካ ባለቤት ምንም አላጠፋም። ሠራተኞቹም አልሰነፉም። ግን አንድ ቀን ጠዋት ሲነሱ ጫማቸው በገበያው ላይ ካለው 10 ዶላር ይበልጣል።

ባለቤቱ ምን ያድርግ? ምንዛሪው በሕግ ታስሯል። የቆዳ ዋጋ በእጁ አይደለም። የባንክ ብድሩ በዶላር ነው። የቀረው የሠራተኛ ደመወዝ ነው። አንድ ሦስተኛውን እንቀንስ ቢል ማን ይስማማል? የቤት ኪራዩ አልቀነሰም። የልጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያ አልቀነሰም። ስለዚህ ደመወዝ በመቀነስ ፈንታ ሰው ይቀነሳል። በመጨረሻም ፋብሪካው ይዘጋል። አርጀንቲና ከ1998 እስከ 2002 ኢኮኖሚዋ ሲኮማተር ቆየ። ሥራ አጥነት ከ20 በመቶ አለፈ። በታኅሣሥ 2001 መንግሥት ሰው ከባንክ በሳምንት ከ250 ፔሶ በላይ ጥሬ ገንዘብ እንዳያወጣ ከለከለ። ሕዝቡ ድስትና መጥበሻ እየደበደበ አደባባይ ወጣ። በጥር 2002 ያ አይነቃነቅም የተባለው ተመን ፈረሰ።

የፈረሰበት መንገድ አሰቃቂ ነበር። ያንን አልክድም። ከግማሽ በላይ የሆነው ሕዝብ ከድህነት ወለል በታች ወድቋል። ከ2003 ጀምሮ ደግሞ አገሪቱ ለተከታታይ ዓመታት በፍጥነት አድጋለች። ጸሐፊው ከዚህ ታሪክ የወሰዱት ውድቀቱን ብቻ ነው። እኔ ከውድቀቱ በፊት የነበሩትን አራት ዓመታት እንዲያዩልኝ እፈልጋለሁ። እነዚያ ዓመታት ምንዛሪው «የተረጋጋ» የነበረባቸው ዓመታት ናቸው።

ከሁሉ የሚያመኝ ግን የካሜሩን ታሪክ ነው። ሴፋ ፍራንክ በ1960 በወጣው አዲሱ የፈረንሳይ ፍራንክ ሲሰላ ከ1948 ጀምሮ 50ው በአንድ ፍራንክ ሲመነዘር ኖሯል። በ1980ዎቹ አጋማሽ የኮኮዋና የቡና ዋጋ ወደቀ። በዚያው ጊዜ የፈረንሳይ ፍራንክ በዶላር አንጻር ጠነከረ፤ ሴፋውንም ይዞት ወጣ። ገቢ እየቀነሰ ገንዘቡ ግን እየተወደደ ሄደ ማለት ነው። ተመኑን መንካት ክልክል ስለሆነ መንግሥት ደመወዝ ነካ። በ1993 የካሜሩን የመንግሥት ሠራተኞች ደመወዝ በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ተቆረጠ። የብዙዎቹ ከግማሽ በታች ወረደ። እስቲ አንድ አስተማሪ አስቡ። በጥር ተቆረጠበት፤ በኅዳር እንደገና ተቆረጠበት። ቢያንስ ገንዘባችን አልረከሰም ብሎ ተጽናንቶ ይሆናል። በጥር 1994 ዳካር ላይ የተሰበሰቡ መሪዎች ሴፋ ፍራንክ በግማሽ ይርከስ ብለው ወሰኑ። ከዚያ በኋላ አንድ የፈረንሳይ ፍራንክ 100 ሴፋ ሆነ። ያ አስተማሪ ሁለቱንም ከፈለ። ደመወዙ ተቆረጠ፤ የተረፈችውም ረከሰች።

ጸሐፊው ሴፋ ፍራንክን የመረጋጋት ምሳሌ አድርገው ሲያቀርቡ ይህን ዓመት ዘለውታል። ቋሚ ተመን ቋሚ የሚሆነው እስኪፈርስ ድረስ ነው። ሲፈርስ ደግሞ በጥቂት በጥቂቱ አይፈርስም።

አርክሰው የተጠቀሙም አሉ። ብሪታንያ በጥቅምት 1990 ፓውንዷን በ2.95 የጀርመን ማርክ አስራ በአውሮፓ የምንዛሪ ሥርዓት ውስጥ ገባች። መስከረም 16 ቀን 1992 ተመኑን ለማዳን በአንድ ቀን ወለድ ከ10 ወደ 12 በመቶ ከፍ አደረገች። 15 አደርሰዋለሁም አለች። አልሆነም። በዚያው ምሽት ወጣች። ከጥቂት ወራት በኋላ ወለዱ 6 በመቶ ደረሰ፤ ኢኮኖሚዋም አገገመ። የተፈራው የዋጋ ንረት አልመጣም።

ላትቪያና አይስላንድንም ማወዳደር ይቻላል። ሁለቱም በ2008 ክፉኛ ተመቱ። አይስላንድ ክሮናዋ በግማሽ ገደማ ሲወድቅ ተወችው። ላትቪያ ተመኗን ይዛ ደመወዝና በጀት ቆረጠች። በላትቪያ ሥራ አጥነት ወደ 20 በመቶ ተጠጋ፤ ብዙ ወጣት አገር ጥሎ ሄደ። በአይስላንድ በዓመት አማካይ ከ10 በመቶ በታች ነበር። እዚህ ላይ ሚዛናዊ ልሁን። በውጭ ገንዘብ የተበደሩ አይስላንዳውያን በጣም ተጎድተዋል፤ አገሪቱም ገንዘብ ወደ ውጭ እንዳይወጣ ለዓመታት ዘግታ ነበር። ላትቪያም አገግማ በ2014 ዩሮ ገብታለች። ስለዚህ አንዱ ያለ ሕመም አለፈው አልልም። የምለው፣ በአንዱ ሕመሙ ለሁሉም ተዳረሰ፤ በሌላው ከሥራ የተባረረው ላይ ተከመረ።

«ጥፋቱ የአባካኞች ነው»

ስለ ግሪክ ብዙ አልከራከርም። መንግሥቷ የበጀት ጉድለቱን አሳንሶ ሲያቀርብ ኖሯል። የ2009 ጉድለት ተስተካክሎ ሲወጣ ከአገሪቱ ጠቅላላ ምርት 15 በመቶ ደርሶ ተገኘ። ይህ ጥፋት ነው።

ግን ስፔንስ? ስፔን በ2007 በጀቷ ጉድለት አልነበረበትም፤ እንዲያውም ትርፍ ነበረው። የመንግሥት ዕዳዋ ከጠቅላላ ምርቷ ከ40 በመቶ በታች ነበር። አየርላንድም ዕዳዋ ከዚያ ያነሰ ነበር። ለዩሮ መሠረት በጣለው የማስትሪኽት ስምምነት የተቀመጠው ገደብ 3 በመቶ ጉድለትና 60 በመቶ ዕዳ ነው። ሁለቱም ከዚያ በታች ሆነው የክፍሉ ጎበዝ ተማሪዎች ነበሩ። ታዲያ ስፔን በ2013 ሥራ አጥነቷ ከ26 በመቶ እንዴት አለፈ?

መልሱ ያለው በወለዱ ላይ ነው። ከ2003 አጋማሽ እስከ 2005 መጨረሻ የአውሮፓ ማዕከላዊ ባንክ ወለዱን 2 በመቶ ላይ አቆየው። ለጀርመን ልክ ነበር፤ ኢኮኖሚዋ ተኝቶ ነበርና። በስፔን ግን ዋጋ በዓመት 3 በመቶ ገደማ ይጨምር ነበር። በ2 በመቶ ተበድሮ 3 በመቶ የሚጨምር ነገር መግዛት ማለት፣ ብድሩ ለተበዳሪው እየከፈለው ነው ማለት ነው። ሰው ሁሉ ቤት ገዛ፤ ቤት ሠራ፤ ባንኩም አበደረ። የራሱ ማዕከላዊ ባንክ ያለው አገር ቢሆን ወለዱን ከፍ አድርጎ ያበርደው ነበር። ስፔን ያ ቁልፍ በእጇ አልነበረም። አንድ ልብስ ለሁሉም ሲሰፋ ለአንዱ ይጠበዋል፤ ለሌላው ይሰፋዋል። አረፋው ሲፈነዳ የባንኮቹ ኪሳራ መንግሥት ላይ ወደቀ። ዕዳው የመጣው ከቀውሱ በኋላ ነው። ጸሐፊው ውጤቱን ምክንያት አድርገውታል።

አንድ ማስረጃ ልጨምር፤ ለእኔ ከሁሉ የሚያሳምነኝ ይህ ነው። በሐምሌ 2012 ስፔንና ብሪታንያ የመንግሥት ዕዳቸው ከምርታቸው ጋር ሲነጻጸር ተቀራራቢ ነበር። ስፔን ለአሥር ዓመት ስትበደር ከ7 በመቶ በላይ ወለድ ትጠየቅ ነበር። ብሪታንያ ከ2 በመቶ በታች። አበዳሪው ብሪታንያን ያመናት በቁጠባዋ አይደለም፤ ጉድለቷ ትልቅ ነበር። ያመናት ክፉ ቀን ሲመጣ ዕዳዋን የሚገዛ የራሷ ማዕከላዊ ባንክ ስላላት ነው። ሐምሌ 26 ቀን የአውሮፓ ማዕከላዊ ባንክ ፕሬዚዳንት ማሪዮ ድራጊ ለንደን ላይ ቆመው ዩሮን ለማዳን የሚያስፈልገውን ሁሉ እናደርጋለን አሉ። የስፔን ወለድ ከዚያ ቀን ጀምሮ መውረድ ያዘ። በዚያን ቀን በስፔን በጀት ላይ አንድ ሳንቲም አልተቀነሰም። አባካኝነት ብቻ ቢሆን ኖሮ አንድ ንግግር እንዴት ይፈውሰው ነበር?

«ገንዘቡ ይቅደም፣ ሌላው ይከተላል»

ገንዘብ ቀድሞ አንድነት የተከተለበትን ምሳሌ ጸሐፊው አልሰጡንም። ተቃራኒው ግን ሞልቷል። የምሥራቅ አፍሪካ ሺሊንግ ኬንያን፣ ኡጋንዳንና ታንዛንያን ከቅኝ አገዛዝ ዘመን ጀምሮ ያገለግል ነበር፤ ነፃ ከወጡ በኋላ በ1966 ለሦስት ተከፈለ። ሶቪየት ኅብረት ስትፈርስ የሩብል ቀጠና ቀጠለ። ኖቱን የምታትመው ሞስኮ ነበረች፤ በሩብል ብድር የሚለቀው ግን የየሪፐብሊኩ ማዕከላዊ ባንክ ሁሉ ነበር። እያንዳንዱ ሲለቅ ጥቅሙ የራሱ፣ ንረቱ የሁሉም ሆነ። በሐምሌ 1993 ሩሲያ የቆዩትን ኖቶች ስትሰበስብ ነገሩ አከተመ። ኤርትራም ከነፃነቷ በኋላ እስከ 1997 በብር ስትጠቀም ቆይታ ናቅፋን አወጣች። ሁለቱ ገንዘቦች አንድ ለአንድ ይመንዘሩ ወይስ የድንበር ንግዱ በውጭ ምንዛሪ ይሁን የሚለው ጉዳይ በመንግሥታቱ መካከል ቅራኔ ፈጠረ። ገንዘቡ ብቻውን ወንድማማችነትን አላቆየም።

አንድ ገንዘብ እንዲሠራ ከሥሩ ምን መኖር እንዳለበት የጀርመን ውሕደት ያሳያል። ሐምሌ 1 ቀን 1990 የምሥራቅ ጀርመን ደመወዝ አንድ ለአንድ ወደ ምዕራቡ ማርክ ተቀየረ። ለክብር ሲባል የተደረገ ነበር፤ የምሥራቁ ፋብሪካዎች ግን በዚያ ተመን መወዳደር አልቻሉም። በወራት ውስጥ አንዱ ፋብሪካ ከሌላው እየተከታተለ ተዘጋ። ግን አንድ መንግሥት ነበር። የምዕራቡ ሰው ልዩ ግብር ከፈለ። የሥራ አጥ ክፍያና ጡረታ ከአንድ ካዝና ወጣ። መሄድ የፈለገ ቋንቋ ሳይለውጥ ሄደ። የዩሮ አገሮች ግን ከ20 ዓመት በላይ አንድ ገንዘብ ተጠቅመውም፣ ዛሬም የጋራ የባንክ ተቀማጭ ዋስትና የላቸውም።

በ2015 ክረምት ግሪክ ውስጥ የሆነው ይህን በደንብ ያሳየናል። ባንኮች ተዘጉ። ከኤቲኤም በቀን 60 ዩሮ ብቻ እንዲወጣ ተፈቀደ። ማሽኑ ውስጥ ባለ 20 ኖት ሲያልቅ የሚወጣው 50 ብቻ ሆነ። ካርድ የሌላቸው ጡረተኞች በተለይ ለእነሱ በተከፈቱ ቅርንጫፎች በር ላይ 120 ዩሮ ለመቀበል ተሰለፉ። ገንዘባቸው በአውሮፓ ከጠንካሮቹ ገንዘቦች አንዱ ነበር። ባንካቸው ግን የግሪክ ባንክ ነበር።

«ያልተስማማው ይወጣል» የሚለውስ? ቦትስዋና በ1976 ከራንድ ወጥታ ፑላን ስታቋቁም በሰላም ተሳክቶላታል። ይህን እቀበላለሁ። ተዘጋጅታ፣ ማዕከላዊ ባንክ አቋቁማ፣ የአልማዝ ገቢዋ እያደገ ሳለ ወጣች። በቀውስ መሐል ግን መውጣት ሌላ ነው። ገንዘቡ ሊቀየር ነው የሚል ወሬ እንደተሰማ ሁሉም ተቀማጩን ለማሸሽ ይሮጣል፤ ባንኩ አገሩ ከመውጣቱ በፊት ይወድቃል።

ቼክና ስሎቫኪያ ይህን ያውቃሉ። ጥር 1 ቀን 1993 በሰላም ተለያዩ፤ ገንዘቡን ግን ለጊዜው አብረን እንጠቀም ተባባሉ። ሰው ተቀማጩን ከስሎቫኪያ ወደ ፕራግ ባንኮች ማሸሽ ጀመረ። ስምምነቱ ስድስት ሳምንት እንኳ አልሞላም። በየካቲት መጀመሪያ በድንበሩ የገንዘብ ዝውውር ቆመ። አዲስ ኖት ገና ስላልደረሰ በየአሮጌው ኖት ላይ ትንሽ ቴምብር እየተለጠፈ የቼክ ወይም የስሎቫክ ተባለ። የካቲት 8 ሁለት ገንዘብ ሆነ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ስሎቫኪያ የራሷን ኮሩና በ10 በመቶ አረከሰች። ስሎቫኪያ በ2009 ዩሮ ገባች። ቼክ እስከ ዛሬ በራሷ ኮሩና ትገበያያለች። ገንዘባቸው ይለያያል፤ ንግዳቸው ግን እንደ ደራ ነው።

ጸሐፊው ቀጣዩ ጽሑፋቸው የጋራ ገንዘብ በምን ተመን መጀመር እንዳለበት እንደሚያብራራ ቃል ገብተዋል። በጉጉት እጠብቃለሁ። አንድ ነገር ብቻ እለምናቸዋለሁ። ከአባላቱ አንዱ አገር ብቻ ሲመታ፣ በዚያ አገር ያለው ሠራተኛ የሥራ አጥ ክፍያው ከማን ካዝና እንደሚወጣ፣ ባንኩ ቢወድቅ ተቀማጩን ማን እንደሚመልስለት ይጻፉልን። «ደመወዝ» የሚለው ቃልም ያኔ ቢገባ ደስ ይለኛል።